ሠላሳ ስምንተኛው ቀፎ

«ከስልሳ ተማሪ አንደኛ የወጣችው ልጅ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የለችም ነው የምትለኝ?» የዳይሬክተሩ የአቶ ሙሉብርሃን ድምፅ የተዘጋውን በር አልፎ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። አልጣሽ መወልወያዋን ባልዲው ውስጥ እንደነከረች ቀጥ ብላ ቀረች። ጆሮ ጠቢ ሆና አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ቢሮ ያጸዳ ሰው ሳይፈልግ የማይሰማው ነገር የለም።

«የለችም። ኅዳር ላይ ነው የቀረችው» አለ መምህር ነቢዩ። «ትሕትና ለገሰ፣ አራተኛ ለ። ስሟ ግን አሁንም እየተጫወተ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላም ተጫውቷል።»

«ስም ይጫወታል እንዴ ነቢዩ? ስም እጅ አለው?»

አልጣሽ ክው አለች። ስሙስ እጅ ነበረው፤ እጁ ይኸው መወልወያ ይዞ ቆሟል። ትሕትና የወንድሟ ልጅ ናት። ወይ ጉድ! የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ አንዱን ቀዳዳ ደፈንኩ ሲል በሌላው ይፈስበታል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት ለዚህ ለቦንጋው ትምህርት ቤት ሃያ ታብሌት ሰጠ። ውስጣቸው ያለው ጨዋታ የንብ ነው። ልጁ ንቧ የምትጠራውን ፊደል ወይም ትክክለኛውን ቃል ከነካ ንቧ ከአበባው ቀስማ ወደ ቀፎዋ ትገባለች፤ ከተሳሳተ ውኃ ውስጥ ትወድቅና ክንፏን እያራገፈች ትወጣለች። አንዱ ቀፎ ሲሞላ ወደሚቀጥለው ይታለፋል፤ በጠቅላላው አርባ ቀፎ ነው። ሠሪዎቹ አስበውበት ይሁን ሳያስቡት፣ ቀፎውን ረጅም ዛፍ ላይ እንደሚሰቀለው እንደ ካፋ ቀፎ አድርገው ስለውታል፤ ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን «የአባቴ ቀፎ!» እያሉ ክፍሉን በሳቅ አናጉት። ቤታቸው ካፊኖኖ እንጂ አማርኛ የማይነገር፣ ተነስተሽ አንብቢ፣ ተነስተህ አንብብ ሲባሉ ጠረጴዛ ሥር መግባት የሚያምራቸው ልጆች፣ ንቧ ውኃ ውስጥ እንዳትወድቅባቸው ሲሉ ማንበብ ጀመሩ። ጨዋታው ግን ሁለት ክፉ ጠባይ ነበረው። አንደኛው፣ የሚይዘው ስልሳ ስም ብቻ ስለሆነ ሠላሳ ቀን ያልተነካ ስም ይጠፋና ተራ የሚጠብቅ ሌላ ልጅ ይገባበታል። ሁለተኛው፣ አንዴ የሞላ ቀፎ ተመልሶ አይጎድልም፤ ወደፊት እንጂ ወደኋላ የለም። ይህን መምህር ነቢዩ በየሳምንቱ ለልጆቹ ሲናገር አልጣሽ መስኮት እያጸዳች ሰምታዋለች።

ታብሌቶቹን ቻርጅ የምታደርገው እሷ ነበረች። ቦንጋ ውስጥ መብራት ሲመጣ እንጂ ሲሄድ አይናገርም፤ ስለዚህ ነቢዩ፣ ከደሴ ተመድቦ የመጣ ገራገር ልጅ ነው፣ የክፍሉን ቁልፍ ሰጣትና «እትዬ አልጣሽ፣ መብራት ባዩ ቁጥር ይሰኩልኝ» አላት። ትሕትና ኅዳር ላይ ወደ ጅማ ስትሄድ ያ ቁልፍ በአልጣሽ መቀነት ጫፍ ላይ ታስሮ ነበር። የልጅቱ እናት ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ አባቷ ለገሰ ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነው። አንዲት የጅማ ሴት መጥታ «እንደ ልጄ አስተምራታለሁ፣ እግረ መንገዷንም ቤት ትይዝልኛለች» ስትለው ለገሰ መሬት መሬት እያየ እሺ አለ። «ለሁለተኛው መንፈቅ ካልተመቻት ትመለሳለች» አለ። አልጣሽም አልተቃወመችም። እንዲያውም ልብሷን በፌስታል የቋጠረችላት እሷው ናት፤ ዩኒፎርሙን ብቻ አውጥታ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድምና እህት ስለ ልጅቱ ያወሩት ነገር ቢኖር «ደወለች?» «ደወለች» ብቻ ነው።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ነው አልጣሽ ታብሌቱን የከፈተችው። ፊደል አታውቅም፤ ግን እያንዳንዱ ልጅ ከስሙ አጠገብ የመረጠው ሥዕል ነበርና የትሕትናን ጉሬዛ ለይታ አወቀችው። አንዴ ብቻ ነክታ ልትዘጋው ነበር፤ ስሙ እንዳይጠፋ፣ የልጅቱ ቦታ እንዲቆያት። ንቧ «ቀ» አለች። አልጣሽም ሳታስበው «ቀ» አለች። ማንም አልነበረም። በማግስቱም ተመለሰች፣ በሦስተኛውም። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከአንደኛ ክፍል በሁለተኛው ወር ወጥታ ከከብት ኋላ የዋለች ሴት ናት። በጥር አንድ ቀን ሱቅ ቆማ የጨው ፌስታሉ ላይ «ጨው» የሚል አይታ ደጋግማ አነበበችው። ለማንም አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገራለች? በልጅ ስም፣ በልጅ ጨዋታ፣ በዚህ ዕድሜዋ! ሰው ይስቅብኛል አለች። ግን በልቧ አንድ ነገር ያዘች፤ ስሙ እዚያ ውስጥ እስካለ ድረስ ልጅቱ ከትምህርት ቤቱ አልወጣችም፤ የመጣች ቀን ገብታ ትቀመጣለች። ማን እንዲህ አላት? ማንም። ላም አለኝ በሰማይ ነው እንግዲህ።

መምህር ነቢዩ ከቢሮው ወጥቶ ባልዲዋ አጠገብ ቆመ። ወለሉን ተመለከተ፣ ጣሪያውን ተመለከተ፣ በመጨረሻ «እርስዎ ነዎት አይደል?» አለ በለሆሳስ።

«እኔ ምን አውቄ መምህር!»

«እትዬ አልጣሽ፣ ቁልፉ ያለው እርስዎ ጋ ነው።»

አልጣሽ የነጠላዋን ጫፍ መቋጠር ጀመረች። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ፊቱ የመሳቅም የማልቀስም ሆነ። «ሠላሳ ስምንት እኮ ነው የደረሱት። እኔ ራሴ ሠላሳ ሁለት ላይ ነኝ» አላት። ከዚያ ለዳይሬክተሩ መንገር እንዳለበት ነገራት፤ የድርጅቱ ሰዎች ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አንደኛ የወጣችውን ልጅ ሊሸልሙ እየመጡ ነው፤ መንገድ ላይ ሺሺንዳ ከተማ ቁርስ በልተው ተነስተዋል።

አቶ ሙሉብርሃን አስጠርቶ ሲያያት መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሳቁ ደረቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ሰው ነው፤ ፈሪ ደግሞ ቀኑ ሲጠምበት ከክፉም ይብሳል። ሌላ ሃያ ታብሌት ቃል ተገብቶለታል፣ ባነሩ ተሰቅሏል፣ የዞን ሰዎችም ይመጣሉ። አንደኛዋ ተማሪ ያቋረጠች ልጅ ናት፣ የተጫወተችውም የጽዳት ሠራተኛ ናት ከተባለ ያለውንም ነቅለው ይሄዳሉ ብሎ ደምድሟል። ስለዚህ ከአምስተኛ ክፍል ሶሲ የምትባል ንጹሕ ዩኒፎርም ያላት ልጅ ተጠርታ ለዛሬ ትሕትና ትሆናለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሏል ይሄ ነው።

«አንቺም አፍሽን ዝጊ፣ ለስላሳ አቅርቢ፣ በቃ። ነገ ሌላ ነገር አላመጣብሽም» አላት።

አልጣሽ ግን ተናገረች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚያ ቢሮ ከ«እሺ ጌታዬ» ያለፈ ቃል ተናግራ አታውቅም። «እኔ ዝም እላለሁ። ግን የልጅቱ ቦታ ይጠበቅልኝ። ስትመለስ እንድትገባ።»

«ይጠበቃል» አለ አቶ ሙሉብርሃን፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ። ወዲያው ነው ያለው። እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ እሺ ሊያስጠረጥራት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ከደስታዋ ብዛት ባልዲዋን ረስታ ወጣች።

ዝናብ ሲያካፋ ወርዳ ለስላሳ ገዛች፤ አንዱ አምሳ ብር ገብቷል፣ ባለሱቋም «ለማን ሠርግ ነው?» ብላ ቀለደችባት። ሳጥኑን በባጃጅ አምጥታ በር ላይ ስትወርድ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። ሶሲ ታብሌቶቹ ካሉበት ከአይሲቲ ክፍሉ ፊት ለፊት ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ፀጉሯ ተፈትቶ ስለነበር አልጣሽ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻትና ጎነጎነችላት። የትሕትናን ፀጉር የምትጎነጉነው እንዲሁ ነበር፣ ከግንባር ወደኋላ፣ አምስት መስመር። ልጅቷ አንገቷን ሳታዞር «እትዬ፣ ትሕትና ሞታለች እንዴ?» አለቻት።

«አፍሽ ይቆረጥ! ማን አለሽ?»

«ስሟን ሲሰጡኝ ነዋ።»

አልጣሽ አምስተኛውን መስመር ሳትጨርስ እጇ ቆመ። ከዚያ ጨረሰችው።

እንግዶቹ አምስት ነበሩ፤ ዋናዋ መነጽር ያደረገች ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴትዮ ናት። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ «ዲጂታል» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደተጠራ እግዜር ይቁጠረው። ከዚያ ሴትዮዋ «ትሕትና፣ እስኪ አንዴ ተጫወችልን» አለች። ይህን አቶ ሙሉብርሃን አላሰበበትም። ታብሌቱ ከግድግዳው ቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ነበርና ንቧ የበሬ ግንባር አክላ ወጣች፤ ሠላሳ ስምንተኛው ቀፎ። አንድ ዓረፍተ ነገር መሃሉ ጎድሎ ይመጣል፣ ከሥሩ ሦስት ቃል ይቀርባል፣ አንዱን መንካት ነው። ሶሲ ሃያኛውን ቀፎ ያላለፈች ልጅ ናት። ነካች፤ ንቧ ውኃ ውስጥ ወደቀች። ደግማ ነካች፤ ደግማ ወደቀች። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ነው የሚሰማው። አቶ ሙሉብርሃን በመሀረብ አንገቱን ጠረገ። ሴትዮዋ «አትፍሪ የኔ ቆንጆ» ስትላት ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቀና አለችና በር ላይ ትሪ ይዛ የቆመችውን አልጣሽን አየቻት።

አልጣሽ መልሱን ታውቀዋለች። ትናንት እዚችው ላይ ነው ያቆመችው። ብትናገር፣ ይህች ልጅ ትሕትና አይደለችም፣ ትሕትና ጅማ የሰው ዕቃ ታጥባለች ብትል፣ ያቺ መነጽር ያደረገች ሴት ምናልባት ትሰማት ነበር። ምናልባት። ግን «ይጠበቃል» የተባለችው ጠዋት ነው፤ ያንን በእጇ ይዛ እንዴት ታፍርሰው? ከትሪው ጠርዝ ላይ ሁለት ጣቷን አነሳች። ሶሲ አየች፣ ሁለተኛውን ቃል ነካች። ንቧ ገባች። ቀጥሎ አንድ ጣት። ቀጥሎ ሦስት። ሰባት ጊዜ እንዲህ አደረገች፤ ጠርሙሶቹ ትሪው ላይ ተንቀጫቀጩ እንጂ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ቀፎው ሞላ፤ ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። ሶሲ የምስክር ወረቀትና ቦርሳ ተቀበለች፣ «ትሕትና ለገሰ!» ተብሎ ሲጠራ እንደገና ተጨበጨበ። አልጣሽም ትሪውን አስቀምጣ አጨበጨበች። ለወንድሟ ልጅ ስም ነው ያጨበጨበችው። የወንድሟን ልጅ ስም የሰረቀችውም ራሷ ናት፤ በጣቷ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮውን ልታጸዳ ስትገባ አቶ ሙሉብርሃን ፎቶዎቹን በስልኩ ይመለከት ነበር። የአራተኛ ለ ሮስተር ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ጠዋት ለነቢዩ ሲያሳየው ነው የቀረው። አቧራ ልትጠርግ ጎንበስ አለች፤ ዓይኗም እንደ ልማዱ ጽሑፍ ላይ አረፈ፤ ማንበብ ከተለመደ እኮ ዓይንን አያስቀምጥም። ትሕትና ለገሰ። ስሙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ከጎኑ አንድ ቃል አለ። ረጅም ቃል ነው፤ ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ አነበበችው። አ-ቋ-ር-ጣ-ለ-ች። ከሥሩ፣ ጥር ሁለት። ያን ቀን እሷ አስራ ሰባተኛው ቀፎ ላይ ነበረች።

«ጠዋት ይጠበቃል ብለውኝ ነበር» አለች።

አቶ ሙሉብርሃን ቀና ብሎ አየና ሮስተሩን ዘጋው። «ምን ልበልሽ አልጣሽ? እንግዳ በር ላይ ነበር።» ቀጥሎም «ለዞን ሪፖርት ተደርጓል፣ ከኔ እጅ ወጥቷል። መስከረም ላይ አባቷ ይዟት ይምጣ፣ ቦታ ካለ እናያለን» አለ።

«ጨዋታው ላይ ግን አለች።»

«እሱ ጨዋታ ነው እኮ!» አለ፣ ሊያጽናናት ፈልጎ ይመስላል። ከመሳቢያው የምስክር ወረቀቱን አውጥቶ ሰጣት። «ቦርሳውን ለሶሲ ሰጥተናታል፣ ሠርታበታለች። ይሄ ግን የሌላ ሰው ስም ነው፣ ለማንም አይሆንም፤ ውሰጂው። የክፍሉንም ቁልፍ ለነቢዩ መልሺለት።» አልጣሽ ከመቀነቷ ጫፍ ቁልፉን ስትፈታ ቋጠሮው እምቢ አላትና በጥርሷ ፈታችው።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። ለገሰ ደጃፍ ተቀምጦ የቦት ጫማውን ጭቃ በእንጨት ይፍቃል። በካፊኖኖ «ዋልሽ?» አላት፤ «ዋልኩ» አለችው። ቆጮና ጎመን አቀረበችለትና ወረቀቱን ከጡቷ ሥር አውጥታ ጉልበቱ ላይ አኖረችው። ገለበጠው፣ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ለሱ መቼም መልካም ነገር አምጥቶለት አያውቅም። «ምን ይላል? መምህሩ አላነበበልሽም?»

«እኔ አነብልሃለሁ።»

አነበበችለት። በአማርኛ፣ ቀስ እያለች፣ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እየወሰደች። ተማሪ ትሕትና ለገሰ፣ ሠላሳ ስምንተኛውን ቀፎ በመድረስ፣ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ። ለገሰ ወረቀቱን ትቶ እህቱን ተመለከተ። ጆንያ የተሸከመበት ትከሻው ዝቅ አለ። «አንቺን ማን አስተማረሽ?» አላት።

«ልጅህ» አለች አልጣሽ። ከዚያ የቀረውን ሁሉ ነገረችው፤ ቁልፉን፣ ጉሬዛውን፣ ሶሲን፣ በቀይ የተሰመረውን። በአምስት ወር ውስጥ በሁለቱ መሃል ይህን ያህል ቃል ተነግሮ አያውቅም። ለገሰ ጎመኑን አልነካውም። ስልኩን አወጣና «ትስማው እንጂ። ስሟ እኮ ነው የተጠራው» ብሎ ደወለ።

ሌላ ጊዜ ስልኩን የጅማዋ ሴትዮ ናት የምታነሳው፤ ልጅቱን ለሁለት ደቂቃ አቅርባ፣ አጠገቧ ቆማ ነው የምታስነጋግራት። ዛሬ ሴትዮዋ ለቅሶ ሄዳለች፤ ስልኩንም ቻርጅ ላይ ትታው ነበር። ትሕትና ራሷ አነሳች። ለሁለቱም እንዲሰማ ለገሰ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ መሬት አኖረው።

«ትምህርት አስገቡሽ?» አላት አባቷ።

«እትዬ ለመስከረም ነው ያሉት።»

ለገሰ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። ልጅቱ ግን ቸኩላለች፤ «አክስቴ አለች? አክስቴ! ንቧ ጠፋች አይደል? ሠላሳ ቀን እስኪሞላ እዚህ ሆኜ እየቆጠርኩ ነበር፤ የሞላ ቀን አለቀስኩ» አለች።

«አልጠፋችም» አለች አልጣሽ። «እየነካሁ አቆየሁልሽ።»

«እውነትሽን ነው?» ከዚያ ዳር የመጣው ሳቅ የዚያችው የጥንቷ ልጅ ሳቅ ነበር። «አስራ አንደኛው ቀፎ ላይ ናት አይደል? አንድ አበባ ብቻ ነበር የቀረኝ። መልሱን እኮ አገኘሁት! ዕቃ ሳጥብ አስቤ አስቤ አገኘሁት። የመጣሁ ቀን መጀመሪያ እሱን ነው የምነካው። አስራ ሁለተኛውንም ማንም ሳያግዘኝ ነው የምሞላው።»

አልጣሽ ያንን አበባ ታስታውሰዋለች። በገባች በሦስተኛው ቀን ነው የሞላችው፤ እየተሳሳተች፣ ንቧን ውኃ ውስጥ አስር ጊዜ እየጣለች። ሲሞላ ብቻዋን እልል ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ወደኋላ ደግሞ የለም።

«አክስቴ? እዚያው ናት?»

ለገሰ ቀና ብሎ እህቱን አያት። ሠላሳ ስምንተኛው ቀፎ ብላ ስታነብለት ቅድም በጆሮው ሰምቷል።

«አዎ» አለች አልጣሽ። «እዚያው ናት።»

ለገሰ ዓይኑን ወደ ቦት ጫማው መለሰና እንጨቱን አንስቶ መፋቅ ጀመረ። ስለ ሽልማቱ ማናቸውም አልተናገሩም። ስልኩ ሲዘጋ አልጣሽ ተነሳች፣ ወረቀቱን ጽሑፉ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጋ አራት አጠፈችውና ሚስማር ላይ በተሰቀለው ዩኒፎርም ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያም የቀዘቀዘውን ጎመን ልታሞቅ ወደ እሳቱ ሄደች።